ፒኤልሲው ተቃጠለ ከመባሉ በፊት

ፒኤልሲ ከሴንሰርና ከማብሪያ ማጥፊያ ምልክት ተቀብሎ፣ በተጫነለት ፕሮግራም መሠረት ሞተርና ቫልቭ የሚያዝ የፋብሪካ ኮምፒውተር ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1968 ይጀምራል። የጄኔራል ሞተርስ የማርሽ ሳጥን ክፍል የመኪናው ሞዴል በተለወጠ ቁጥር በሪሌይ የተሞሉ ፓኔሎችን አፍርሶ እንደገና ማሰር ስለሰለቸው፣ ሽቦው ሳይነካ በፕሮግራም ብቻ የሚለወጥ መቆጣጠሪያ ፈለገ። መሐንዲሱ ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ የሠሩት መሣሪያ ለድርጅታቸው 84ኛ ሥራ ስለነበር ሞዲኮን 084 ተባለ።

በአዲስ አበባ አማኑኤል ሰፈር ያለ ወፍጮ ቤት ፒኤልሲ አያስፈልገውም፤ ሞተርና ማስነሻ ይበቃዋል። ውሃ የሚያሽግ፣ ብስኩት የሚጠቀልል ወይም ዱቄት መዝኖ በከረጢት የሚሞላ ማሽን ግን ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። እንዲህ ያለ ማሽን ሲቆም በብዙ ፋብሪካ ቶሎ የሚሰማው ፍርድ «ፒኤልሲው ተቃጥሏል» የሚል ነው። ወዲያው አዲስ እንዲገዛ አንድ ሰው ወደ መርካቶ ይላካል። ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ነው። ፒኤልሲ ከውስጥ ሪሌዎቹ በቀር የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው፣ በተዘጋ ፓኔል ውስጥ የሚቀመጥ ጠንካራ ዕቃ ነው። ውሃ የሚረጨው፣ ዱቄት የሚለብሰው፣ ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጠው ሴንሰሩና ኬብሉ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ፒኤልሲው የሚጠረጠረው በመጨረሻ ነው።

የመጀመሪያው መረጃ ላፕቶፕ ሳይከፈት በመብራቶቹ ይገኛል። በሲመንስ ኤስ7-300 ፒኤልሲ ፊት ላይ ኤስኤፍ የተባለው ቀይ መብራት ከበራ፣ ሲፒዩው የፕሮግራም ወይም የሃርድዌር ስህተት አግኝቷል። ቢኤፍ ከበራ ችግሩ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘው መስመር ላይ ነው። ሁለቱም ጠፍተው ራን የተባለው መብራት አረንጓዴ ሆኖ ማሽኑ ግን ቆሞ ከሆነ፣ ፒኤልሲው በደህና እየሠራ አንድ ምልክት እየጠበቀ ነው። ያ ምልክት የቱ ነው? እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ቸኩሎ የሚያልፋቸው የኢንፑት መብራቶች ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ኢንፑት፣ ማለትም የምልክት መግቢያ፣ የራሱ ትንሽ መብራት አለው።

ሴንሰሩም ብዙ ጊዜ በጀርባው መብራት ስላለው፣ አንድን ምልክት ሁለት መብራቶች ይመሰክሩለታል። ጠርሙስ ፊቱ ሲቆም የሴንሰሩ መብራት ካልበራ፣ ሌንሱ ቆሽሿል፣ ርቀቱ ተዛብቷል ወይም ኃይል አልደረሰውም። የሴንሰሩ በርቶ የፒኤልሲው ካልበራ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በመካከል ባለው ሽቦና ተርሚናል ነው። በ24 ቮልት ኢንፑት ላይ ከ15 ቮልት በላይ «አለ»፣ ከ5 ቮልት በታች «የለም» ተብሎ ይነበባል፤ በመካከሉ ያለው ዋስትና የለውም። ዝጎ 11 ቮልት ብቻ የሚያሳልፍ ተርሚናል ማሽኑን ጠዋት አስነስቶ ከሰዓት ሊያቆመው ይችላል። መድኃኒቱ ካቻቪቴ ይዞ ብሎኑን ማጥበቅ ሆኖ ሳለ ስንት ጤነኛ ፒኤልሲ ተነቅሏል!

ሁለቱ መብራቶች የማይስማሙበት ሌላው ምክንያት ከገበያ ይመጣል። ከአማኑኤል ወደ መርካቶ መሃል ሲዘለቅ በኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች የሚደረደሩት ክብ የብረት ሴንሰሮች በመልክ አንድ ናቸው፦ ተመሳሳይ ውፍረት፣ ተመሳሳይ ጥርስ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊና ጥቁር ሽቦ። ሻጩ «ያው ነው ወንድሜ» ቢል ሊፈረድበት አይገባም፤ ዓይን አይለያቸውም። ቡናማው 24 ቮልት፣ ሰማያዊው ዜሮ ነው። ልዩነቱ ያለው በጥቁሩ ላይ ነው፦ ፒኤንፒ የተባለው ሴንሰር ዕቃ ሲያይ በጥቁሩ ሽቦ 24 ቮልት ይልካል፣ ኤንፒኤን የተባለው ደግሞ ጥቁሩን ወደ ዜሮ ይስባል። ከአውሮፓ የመጡ ማሽኖች በብዛት ፒኤንፒ፣ ከቻይናና ከጃፓን የመጡት በብዛት ኤንፒኤን ይጠቀማሉ። አንዱ በሌላው ቦታ ሲታሰር ሴንሰሩ መብራቱን በደንብ ያበራል፣ ፒኤልሲው ግን ምንም አያይም። አዲስ ዕቃ ተገጥሞ ያልሠራ እንደሆነ ጥርጣሬው ሁሉ ወደ ፒኤልሲው ይዞራል፤ ንጹሑ የሚወነጀለው እንዲህ ነው። በአንዳንድ ፒኤልሲዎች የጋራ ተርሚናሉን አዙሮ በማሰር ሌላውን ዓይነት ማስቀበል ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያ ምድብ ያሉት ኢንፑቶች ሁሉ አብረው ስለሚለወጡ ለአንድ ሴንሰር ሲባል አይደረግም። መፍትሔው አሮጌውን ሴንሰር ለናሙና ይዞ መሄድና መልኩን ትቶ በገላው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

ቀጥሎ የሚፈተሸው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ኤስ7-300 የሚሠራው ከ20.4 እስከ 28.8 ቮልት ባለው ክልል ነው። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀት ያረጃሉ፤ በተለመደው ስሌት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል። የደከመ ፓወር ሰፕላይ ማሽኑ ቆሞ ሲለካ 24 ያሳያል፣ ቫልቮቹ አንድ ላይ ሲከፈቱ ግን ይወርዳል። ስለዚህ ልኬቱ የሚወሰደው ማሽኑ እየሠራ ነው። ሁልጊዜ ቫልቮቹ አንድ ላይ በሚከፈቱበት እርምጃ ላይ የሚቆም ማሽን መጀመሪያ በዚህ ይጠርጠር።

ትእዛዝ በሚወጣበት በአውትፑት በኩልም አካሄዱ ያው ነው። መብራቱ በርቶ ተርሚናሉ ላይ ቮልት ከሌለ ፊውዙ ወይም የውስጥ ሪሌዩ ሄዷል፤ ቮልቱ ካለ ጥፋቱ የኮይሉ፣ የቫልቩ ወይም የአየር ግፊቱ ነው። የፒኤልሲ ሪሌይ በብዛት 2 አምፔር ብቻ ስለሚችል፣ ትልቅ ኮንታክተር በቀጥታ ከሚታሰርበት በመካከል በመቀመጫ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሪሌይ ማስገባት ይሻላል። ምርት እንዳይቆም ተብሎ የበር ስዊች በሽቦ ቁራጭ የሚታለፍበት ልማድ ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት። ሽቦው ተረስቶ ይቀራል፣ ቀጣዩ ሺፍት ማሽኑ በሩ ሲከፈት ይቆምልኛል ብሎ እጁን ያስገባል።

ፒኤልሲው በእርግጥ ከተበላሸ፣ ከሱቅ የሚገዛው አዲሱ ባዶ ነው። ፕሮግራሙ በማሽኑ ግዢ ውል ካልተጠየቀና ቅጂው ካልተቀመጠ፣ ተመሳሳይ ሞዴል መግዛት ብቻውን ማሽኑን አያስነሳም። በኤስ7-300 ፕሮግራሙ በትንሽ ካርድ ላይ ስለሚቀመጥ ወደ ተመሳሳይ ሲፒዩ ይዛወራል፤ ካርዱ የሚነቀለው ኃይል ጠፍቶ ብቻ ነው። እንደ ሚትሱቢሺ ኤፍኤክስ2ኤን ያሉት አሮጌዎች ፕሮግራማቸውን የሚይዙት በባትሪ ነው። የባትሪው መብራት በርቶ ወራት ካለፉ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲሄድ ፕሮግራሙም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ባትሪው ሲቀየር አዲሱ አስቀድሞ በእጅ ይያዛል፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪገባ ያለው ጊዜ 20 ሰከንድ ብቻ ነው።