እሑድ፣ የልጅ ልጆችና የቤቱ ውሻ

በመንዝ የዕረፍት ቀን ማለት ሞፈርና ቀንበር የሚያርፉበት ቀን ነው፤ እግርማ አያርፍም። እሑድ ወይም በወር በዓል ቀን እርሻ ይቆማል። ሰው ግን ቅዳሴ አድርሶ፣ ሰንበቴ ቀምሶ፣ የታመመ ጠይቆ፣ የቀረበትን ለቅሶ ደርሶ ነው ማታ ቤቱ የሚገባው። በጎቹም በዓል አያውቁም፤ መሰማራት አለባቸው። በዚህ ሁሉ መንገድ ማንም ሳይጠራው ከኋላ ከኋላ የሚል አንድ የቤት አባል አለ፤ ውሻው።

አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ውሻን በገመድ ይዞ መንሸራሸር እየተለመደ መጥቷል። ከዚያ የሚመጡ የልጅ ልጆች ጣርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥለው መሐል ሜዳ ሲደርሱ «ገመዱ የታለ?» ይላሉ። አንዲት ጎረቤቴ ለልጅ ልጇ «ውሻ እንደ በግ ይጎተታል እንዴ ልጄ?» ብላ ስትመልስለት ሰምቼ ስቄአለሁ። እውነቷን ነው፤ የመንዝ ውሻ ሥራ አለው። ባና የሚሠራበትን ጠጉራም በግ ሌሊት ከጅብ የሚጠብቀው እሱ ነው። ልጆቹ ግን ይህን አያውቁም። ከተማ የለመዱትን ውሻ እንደሚያቅፉ ሁሉ፣ በበዓል ቀን በየደረሱበት ግቢ ያለውን ውሻ ሊያቅፉ ይሮጣሉ። አያት ደግሞ «የሚጮህ ውሻ አይናከስም» እያለ ያበረታታል! በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሲጮህ ቆይቶ የነከሰ ውሻ ስንት ቁስል እንዳሳጠበኝ አልቆጥረውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይሞታል። በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የልጅ ቁመት አጭር ስለሆነ ንክሻው ፊትና አንገት ላይ ያርፋል፤ ይህም ለአንጎል ቅርብ ነው። ልጅ ደግሞ «ለምን ነካህ?» መባልን ፈርቶ ይደብቃል።

ከሠራሁባቸው ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁን እጁ ላይ የነከሰችው የራሳቸው ቡችላ ነበረች። ጭረት ናት ተባለና ተረሳች፤ ቡችላዋም ብዙ ሳትቆይ ሞተች፣ ማንም አላሰበበትም። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ልጁን ሲያመጡት ውኃ አምሮት ኩባያውን ወደ አፉ ሲያስጠጉለት ጉሮሮው እየተሸማቀቀ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። እናቱ «ቡችላ ምን ታደርጋለች ብዬ» ስትል የነበረው አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ቡችላም ታስተላልፋለች።

ግን ጊዜ አለ። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከንክሻው በኋላ ከ1 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል፤ አንዳንዴ ከዚያ ያጥራል፣ አንዳንዴም ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1885 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ያዳነው ይህ ጊዜ ስላለ ነው። ልጅ እንደተነከሰ ወይም ደም ባይወጣም እንደተቧጨረ ቁስሉ በብዙ ውኃና በሳሙና ሙሉ 15 ደቂቃ ይታጠብ። 15 ደቂቃ ለሚያለቅስ ልጅ ረጅም ነው፤ አንድ ሰው ይያዘው፣ ሌላው ያፍስስ። ቡና፣ አመድ፣ በርበሬ አይነስነስበት። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ፤ እዚያ ክትባቱ ከሌለ የት እንደሚገኝ ጠይቃችሁ በዚያው ቀን ተነሱ። በዓል ነውና ነገ አይባልም። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያልቅም፤ በተቀጠረበት ቀን ሁሉ መመለስ ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ወስዶ «ደህና ነው» ብሎ የሚቀር ቤተሰብ ብዙ ነው።

ስለ ጠበል የሚጠይቁኝ አሉ። እኔም የማርያም ልጅ ነኝ፤ ጠበሉን ማን ይከለክላል? ክትባቱ ግን ይቅደም። ሥር ቀማሚ ዘንድ ሦስት ቀን ተቀምጦ መምጣት ሦስት ቀን ማባከን ነው።

ውሻውንም በንዴት ወዲያው አትግደሉት። ሳትነከሱ ማሰር ከቻላችሁ 10 ቀን አስራችሁ ጠብቁት። ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ቀን በምራቁ በሽታው አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያቋርጠው ይችላል። ከታመመ ወይም ከሞተ ወዲያው ለሐኪሙ ንገሩ። ልጁ ግን 10 ቀኑ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ክትባቱን በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል።

ከሁሉ የሚቀለው ውሻውን አስቀድሞ ማስከተብ ነው። ለበግ መድኃኒት ፍለጋ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ውሻውንም ይዞ ይሂድ፤ ያኔ የልጅ ልጆቹ ገመድ ሥራ ያገኛል። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል።

የበዓል ሽርሽሩ ወደ ጓሳ ከሆነ ግን የተከተበውም ውሻ ቤት ይቅር። አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት እየዘጉና እየከፈቱ የጠበቁት ጓሳ፣ ከጭላዳው ሌላ የቀይ ቀበሮም ቤት ነው። በአገራችን የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ የትም የሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ውሻ ደግሞ ሌላም በሽታ ይዞ ይገባል፤ አይጡንም ቀበሮውንም ያሳድዳል።

ስለዚህ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ውሻው ጥላ ያለበት ቦታ ይታሰር፣ ውኃና ፍርፋሪ ይቀመጥለት። ውኃውን ልጆቹ ይቅዱለት፤ አያት ግን አጠገባቸው ቆሞ ይይ፣ ውሻው ሲበላም ማንም አይጠጋው።