ክሎርሄክሲዲን፦ የእትብቱ ቅባት

በመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ በሞላሌ፣ አራስ ቤት ከምንም በላይ የሚፈራው ብርድ ነው። እሳቱ ይነዳል፤ ሕፃኑ ይጠቀለላል። ብርዱን ተከላክለውም ግን ሌላ ጠላት ይቀራል፤ የተቆረጠው እትብት እስኪደርቅ ድረስ ክፍት ቁስል ነው። ጀርም ከገባበት በደም ተሰራጭቶ ጨቅላውን ሊገድል ይችላል። በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች ቶሎ እንዲወድቅ ተብሎ እትብቱን ቅቤ የመቀባት ልማድ አለ፤ ቅቤው ግን ጀርሙን ይዞ ይገባል። ጀርም ገዳዩ ክሎርሄክሲዲን ለእትብት የታሰበው እንዲህ ላለው ቤት ነው።

መድኃኒቱ እንግሊዝ ሀገር ተሠርቶ ገበያ የወጣው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ነርሶች ቁስል የሚያጥቡበት ሳቭሎን ውስጥም አለ። የባክቴሪያን ሽፋን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ ሽፋኑን ቀዶም የውስጡን ያፈስሰዋል። አልኮል ወዲያው ሲተን ይህ ቆዳ ላይ ለሰዓታት ይቆያል። ተራ ሳሙና ግን ኃይሉን ይሰብረዋል፤ በሳሙና የታጠበ ቆዳ በንጹሕ ውሃ በደንብ መለቅለቅ አለበት።

ለእትብት መዋሉን ያስፋፋው ኔፓል ውስጥ የተደረገ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ውጤት እትብታቸው በክሎርሄክሲዲን በተጠረገ ሕፃናት ላይ ሞት በ24 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ቆይቶ በዛምቢያና በታንዛኒያ የተደረጉ ጥናቶች ግን የሞት ቅነሳ አላገኙም። ስለዚህ ጥቅሙ የሚጎላው ወሊዱ በቤት በሆነበት፣ እትብት ላይም ጎጂ ነገር በሚቀባበት ቦታ ነው። በንጹሕ ተቋም ለተወለደ ሕፃን እትብቱን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መተው ሊበቃ ይችላል።

በሀገራችን አሠራር ቅባቱ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ7 ቀን ይቀባል። ቱቦው ላይ 7.1 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ዳይግሉኮኔት ተብሎ ቢጻፍ ከ4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ጋር አንድ ነው። ቀቢው አስቀድሞ እጁን ይታጠብ፤ ከእትብቱ ጫፍ እስከ ሥሩና በዙሪያው ያለውን ቆዳ ያዳርስ፤ ከዚያ አየር እንዲያገኝ ይተወው። ጨርቅ አይሰርበት፤ ሌላ ነገርም አይደርብበት።

ትልቁ አደጋ ዓይን ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይኑን ቴትራሳይክሊን ይቀባል፤ ያም በትንሽ ቱቦ የሚመጣ ቅባት ነው። ሁለቱ ከተምታቱ ክሎርሄክሲዲኑ የዓይንን ብሌን አቃጥሎ እስከ መታወር ሊያደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሰሃራ በታች ባሉ ሀገራት እንዲህ ያለ ጉዳት መድረሱን ገልጾ አስጠንቅቋል። ስለዚህ የዓይኑ ቅባት እዚያው በተቋሙ በባለሙያ እጅ ቢቀባ፣ ወደ ቤት የሚሄደውም የእትብቱ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቱቦውን ስትሰጥ ማንበብ ለማይችሉ አያት ጭምር የሚቀባበትን ቦታ በጣቷ ታሳይ።

ለአዋቂም ቢሆን ጆሮ ውስጥ አይጨመርም፤ በውሃ የሚቀጠነው ሳቭሎንም በመመሪያው ልክ ሳይቀጠን ቁስል ላይ አይፈስስም። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ አለርጂ ነውና መጠቀሙን አቁሞ ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

የእትብቱ ዙሪያ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ከሸተተ፣ ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ቅባቱን እየደጋገሙ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። ቅባቱ በስህተት ዓይን ከገባም ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ቱቦውን ይዞ መሮጥ ነው።