ስለ ኢንቨርተር ምትክ ትራንዚስተር

ከጣና በስተ ምሥራቅ በተንጣለለው በፎገራ ሜዳ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ሞልተው ደለል በሚያለብሱት የሩዝ አገር፣ የመብራት መሥመር ያልደረሰለት ገበሬ በጣራው ላይ ባኖረው የፀሐይ ሰሌዳ ባትሪውን ሞልቶ፣ የባትሪውን 12 ቮልት በኢንቨርተር ወደ 220 ቮልት ለውጦ ቴሌቪዥኑን ያያል፤ የወረታም ባለሱቅ መብራት በጠፋ ጊዜ በዚሁ መሣሪያ ይረዳል። መሣሪያው ዝም ያለ እንደ ሆነ ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል፤ ክዳኑም ሲከፈት ዘወትር ከሚታዩት ጉዳቶች አንዱ የተቃጠለ የኃይል ትራንዚስተር ነው።

የተቃጠለው አይ አር ኤፍ 3205 ሆኖ ሳለ በእጅ ያለው ሌላ ቁጥር ቢሆን፣ ሦስት እግር ያለውና ጥቁር የለበሰ ሁሉ ምትክ መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን በመልክ አንድ የሆኑት በባሕርይ ይለያያሉ።

አስቀድሞ የሚመረመረው የቮልቱ ወሰን ነው። ተራው ባለብረት ትራንስፎርመር ኢንቨርተር ሁለቱን የትራንዚስተር ወገኖች በየተራ እየከፈተ ስለሚዘጋ፣ በተዘጋው ወገን ላይ የሚያርፈው ቮልት የባትሪው እጥፍ ነው፤ ይኸውም ባትሪው ሲሞላ 14.4 ቮልት ቢደርስ 28.8 ይሆናል፣ በመዝጊያው ቅጽበት የሚነሣው ግፊትም በላዩ ይጨመራል። ስለዚህ ወሰኑ 55 ቮልት የሆነው 3205 ለ12 ቮልት ባትሪ ሲበቃ፣ ሁለት ባትሪ ተቀጥሎ 24 ቮልት በሆነበት ግን እጥፉ 57.6 ስለሚደርስ አይችለውም። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በአምፔሩ ላይ ነው፤ አይ አር ኤፍ 1404 በወረቀቱ 202 አምፔር ተጽፎለት እያለ የቮልቱ ወሰን 40 ብቻ መሆኑን ሳያነብ የሚሾመው ጠጋኝ፣ ኃይል ጨመርሁ ሲል መጠባበቂያውን ያጠባል።

ቀጥሎ የሚታየው ሲከፈት የሚቀረው ተቃውሞ ነው። 20 አምፔር ሲያልፍ 3205 በ8 ሚሊ ኦሙ 3.2 ዋት ሙቀት ሲያወጣ፣ አይ አር ኤፍ ዜድ 44 ኤን በ17.5 ሚሊ ኦሙ 7 ዋት፣ በ100 ቮልቱ የሚመካው አይ አር ኤፍ 540 ኤን ደግሞ በ44 ሚሊ ኦሙ 17.6 ዋት ያወጣል፤ ይህም ገና በቀዝቃዛነቱ የተለካ ነው፤ በጋለ ቁጥር ተቃውሞው ይበዛል። ይህን ሙቀት የሚያስወግዱት የአሉሚኒየም ክንፍና ማራገቢያ በአቧራና በሩዝ ገለባ ከታፈኑ፣ የምርጫው ጥበብ ሁሉ ከንቱ ነው።

በ220 ቮልቱም ወገን ትራንዚስተር ባለበት ኢንቨርተር፣ ያ ትራንዚስተር ሌላ ነው፤ የዚያ ሞገድ ጫፉ 311 ቮልት ስለሚደርስ፣ እንደ አይ አር ኤፍ 840 ያለ የ500 ቮልት ዓይነት እንጂ 3205 ፈጽሞ አይገባበትም።

አንባቢ ሆይ፣ ከአራት ትራንዚስተሮች አንዱ ብቻ ተቃጥሎ ጠጋኙ አራቱንም ልቀይር ቢልህ፣ ገንዘብ ፈልጎ ነው ብለህ አትፍረድበት፤ ጎን ለጎን የተሰለፉት ሸክሙን እኩል የሚካፈሉት አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነውና። ይልቁንስ ከባትሪው ጋር በተከታታይ የመኪና አምፖል አስገብቶ፣ አምፖሉ ደምቆ አለመብራቱን ሳያይ በቀጥታ እንዳያገናኘው ለምነው።