«ሆልድ ኦን»፦ በአንድ ርእስ ብዙ ዘፈን

የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የዘፈንን ግጥምና ዜማ ይጠብቃል፤ ርእሱን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ «ሆልድ ኦን»፣ በእኛ አፍ «አይዞህ፣ ጽና»፣ የሚለውን ስም ከመዘምራን እስከ ሮክ ባንድ ያሻው ሁሉ ለሥራው ሰጥቶታል። ዘፈኖቹን ተራ በተራ ሳዳምጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ጽና» የሚባለው ማን ነው? (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁሉም ታላቅ የጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙር ነው። መነሻው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የተነገረው፣ ዕርፍ ጨብጦ ወደ ኋላ የሚመለከተው ሰው ነው። ማሄሊያ ጃክሰን ዘምራዋለች፤ ቦብ ዲላንም በ1962 በመጀመሪያ አልበሙ «ጎስፔል ፕላው» ብሎ ተጫውቶታል። እኔን የበለጠ የሚደንቀኝ ግን በደቡብ ካሮላይና፣ በጆንስ ደሴት የሆነው ነው። በ1950ዎቹ የደሴቲቱ ጥቁሮች ለመራጭነት መመዝገብ እንዲችሉ ማታ ማታ ማንበብና መጻፍ ይማሩ ነበር። አሊስ ዋይን የተባለች የደሴቲቱ ሴት ዕርፉን አውጥታ፣ ዓይንን ከግብ ላይ አለመንቀልን አስገባችበት። ዘፋኙ ጋይ ካራዋን መዝሙሩን ከእሷ ተምሮ አዛመተው፤ የዜጎች መብት ታጋዮችም በሰልፍና በእስር ቤት ዘመሩት። በ1987 የወጣው «አይዝ ኦን ዘ ፕራይዝ» («ዓይን ከግብ ላይ») የተሰኘው ታላቅ ዘጋቢ ፊልም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። እዚህ ላይ «ጽና» የሚባለው ሕዝብ ነው፤ ዘማሪውም ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ነው የሚናገረው።

በ1966 ሜምፊስ ውስጥ፣ በስታክስ ስቱዲዮ፣ አይዛክ ሄይስና ዴቪድ ፖርተር ለዘፋኞቹ ለሳምና ዴቭ «ሆልድ ኦን፣ አይም ካሚን»ን («ጽና፣ እየመጣሁ ነው»ን) ጻፉ። ርእሱ ነውር ይሸታል ብለው ቅር የተሰኙ ሬዲዮ ጣቢያዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ዘፈኑም፣ በስሙ የተሰየመው አልበምም ተወደዱ። ተናጋሪው እዚህ ደራሽ ወዳጅ ነው። ጆን ሌነን በ1970 አቅጣጫውን ለወጠው። የልጅነት ሕመምን በጩኸት የሚያስወጣ ሕክምና ሲከታተል ቆይቶ የሠራት ዘፈን ሁለት ደቂቃ እንኳ አትሞላም፤ በስሙ ጠርቶ መጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎ ባለቤቱን ዮኮን፣ ከዚያም ዓለምን ያጽናናል።

ቀጥሎ የመጡት የሮክ ዓመታት በብዛት እንጂ በጥልቀት አይታወሱኝም። ትራያምፍ በ1979፣ ካንሳስ በ1980፣ ሳንታና በ1982፣ የስ በ1983 በዚሁ ስም ዘፈን አወጡ። ትራፒዝና ሃይ ኢነርጂ ደግሞ አልበሞቻቸውን «ሆልድ ኦን» አሏቸው። ከእነዚህ የካንሳሱ ይለያል፤ የባንዱ አባል ኬሪ ሊቭግረን የጻፈው ክርስትናን በተቀበለ ማግስት ስለሆነ የስብከት ግለት አለው።

1990 ላይ ሁለት የሴቶች ቡድኖች ርእሱን ይዘው በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ተገናኙ። የኤን ቮግ ያለ መሣሪያ፣ ጃክሰን ፋይቭም በተጫወቱት ዜማ ይከፈትና ከፍቅር ስህተቷ የተማረች ሴት ምክር ይሆናል፤ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ወጣ። የዊልሰን ፊሊፕስ ደግሞ አንደኛ ሆኖ፣ በዓመቱ ማጠቃለያም ቁጥር አንድ ተባለ። የቢች ቦይሱ ብራያን ዊልሰን ሁለት ልጆችና የማማስ ኤንድ ፓፓስ አባላት የጆንና የሚሼል ፊሊፕስ ልጅ የዘመሩት ነው። ለስላሳነቱን የሚንቁ አሉ፤ እኔ ግን ቻይና ፊሊፕስ ግጥሙን ከራሷ የጨለማ ወቅት እንደቀዳችው ሳስብ ለንቀት ቦታ አላገኝም።

ቶም ዌይትስ በ1999 «ሚዩል ቬሪየሽንስ» በተሰኘው አልበሙ ላይ ለተቸገሩ መንገደኞች ዘፈነ። ጉድ ሻርሎት ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡ ወጣቶች ዘፈኑ፤ በቪዲዮው ላይ ሞክረው የተረፉና ዘመድ ያጡ ሰዎች ራሳቸው ይናገራሉ። ይህን ያህል በቀጥታ ለሰው ሕይወት የቆመ ሥራ በዚህ ርእስ ሌላ አላውቅም።

በድምፅ ግን የማስበልጠው በ2012 የወጣውን የአላባማ ሼክስን ነው። የባንዱ ዘፋኝ ብሪታኒ ሃዋርድ እህቷን ገና በልጅነቷ በካንሰር አጥታለች፤ ከዝናዋ በፊትም ፖስታ ታድል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እደርሳለሁ ብላ ያላሰበች ሴት ራሷን «ብሪታኒ» ብላ እየጠራች ስታጽናና፣ ሌነን የሞከረውን እሷ በሙሉ ጉልበት ትጨርሰዋለች። ሮሊንግ ስቶን መጽሔትም የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ብሎታል።