የቅቤው ቅመም በወረቀት ሲፈተሽ

ሞርሲቶም ሆነ ሆሳዕና ገበያ ቅቤ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ያሸታል። አፍንጫ ግን የሚናገረው ቅቤው ከተበላሸ በኋላ ነው። ለያሆዴ በዓል አታካና ለተባለው ምግብ ብለው በዊጆ፣ ማለትም በቅቤ ማኅበራቸው፣ ቅቤ የሚያጠራቅሙ የሀዲያ ሴቶች የሚያሳስባቸው ግን ቅቤው እስከ በዓሉ መቆየቱ ነው።

ቅቤ የሚበላሽበት አንዱ መንገድ ከአየር ኦክስጅን ጋር መገናኘቱ ነው። አንድ የስብ ሞለኪውል ሃይድሮጂኑን ሲነጠቅ እሱም የጎረቤቱን ይነጥቃል፣ ያኛውም የሌላውን፤ ሰንሰለቱ እየተቀጣጠለ ይሄዳል። አንቲኦክሲዳንቶች የራሳቸውን ሃይድሮጂን ወይም ኤሌክትሮን ሰጥተው ሰንሰለቱን ይበጥሱታል። ቅቤ ሲነጠር እንደሚጨመረው እርድ ያሉ ቅመሞች እንዲህ ዓይነት ውህዶች አሏቸው።

ይህን አቅም ለመለካት ብሎይስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ያስተዋወቀው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። ዲፒፒኤች የተባለው ወይን ጠጅ ውህድ አንቲኦክሲዳንት ሲያገኝ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ለውጡን በቁጥር ለማንበብ ግን ስፔክትሮፎቶሜትር ያስፈልጋል፤ ዋጋው ለወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት የሚቀመስ አይደለም።

ርካሹ አማራጭ የመጣው ከወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የሃርቫርዱ ጆርጅ ኋይትሳይድስና ባልደረቦቹ የምርመራ ቦታዎችን በወረቀት ላይ ከፋፍለው አሳዩ። ኋላ ላይ ሰም ሥራውን አረከሰው፦ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ክብ ክብ ሆኖ ይታተማል፣ ሲሞቅ ይሰርግና ፈሳሹ እንዳያልፍ ግድግዳ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በኒውዮርክ ግዛት ክላርክሰን ዩኒቨርሲቲ የሲልቫና አንድሬስኩ ቡድን ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለ ደቃቅ ብናኝ ወረቀት ላይ አደረቀ። የሻይ ወይም የወይን ጠብታ ሲያርፍበት ይጠቁራል፤ በጠቆረ ቁጥር አቅሙ ከፍ ያለ ነው። በስልክ ካሜራ ፎቶ ተነስቶ መጠኑ ከታወቀ ናሙና ጋር ይነጻጸራል።

ለቅቤያችን ጉዳዩ ትንሽ ይወሳሰባል። ስቡ ወረቀቱን አርሶ ቀለሙን ስለሚያበላሽ ውህዶቹን አስቀድሞ በአልኮል ማውጣት ግድ ነው። እርድ ደግሞ ራሱ ቢጫ ነው! ስለዚህ ያንኑ ጠብታ ምንም ባልተቀባ ወረቀት ላይ አድርጎ የራሱን ቀለም መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው የእርዱን ቀለም አቅም አድርጎ ይጽፈዋል።

ይኸው ወረቀት የቆዳ ቅባት ሲፈተሽበት ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ለቆዳ ማንጫ እንዳይውል የከለከለው ሃይድሮኪኖን ኤሌክትሮን በቀላሉ ይሰጣል፤ ስለዚህ በወረቀቱ ላይ እንደ ምርጥ አንቲኦክሲዳንት ይታያል። ወረቀቱ ኤሌክትሮን ሰጪ መኖሩን እንጂ ማንነቱን አይናገርም። የቅባት አስመጪዎች ውጤቱን በማሸጊያ ላይ ቢለጥፉት ሕጋዊ ማጭበርበሪያ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት ቁጥር የያዘ ሰንጠረዡን እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ አንስቷል፤ ነጋዴዎች ለማስታወቂያ ስለተጠቀሙበትና ቁጥሩ በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ስለማያሳይ ነበር።

እንስራ ውስጥ ግን ሆድ የለም፣ ጉበት የለም፤ ቅመሙ ሥራውን የሚሠራው እዚያው ስቡ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ወረቀቱ ከመድኃኒት መደብር ይልቅ ለቅቤ ማጀት ይበልጥ የሚመቸው። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተማሪ ከአንድ ቤት ሁለት እንስራ፣ አንዱን በኮሰረት ሌላውን ያለ ኮሰረት ያስነጥርና በየሳምንቱ ጠብታ ይውሰድ። የወረቀቱ ቀለም እየደበዘዘ ሲመጣ በጎን የፐርኦክሳይድ ምርመራ ያድርግ፤ የስቡን መበላሸት የሚለካው እሱ ነውና።