የሰንበት ዕረፍት በሐይቅ ዳር፤ ከለቡ እስከ ላንጋኖ

የቅዳሜንና የእሑድን ዕረፍት ከውጭ ሀገር እንደ መጣ ልማድ የሚቆጥሩ ሰዎች ቢኖሩም፣ የሀገራችንን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ነገሩ እንዲህ አይደለም። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበት ከሰንበተ ክርስቲያን ጋራ እኩል ትከበር ብለው ከመቶ ዓመት ያላነሰ ጊዜ ከተከራከሩ፣ ስለዚሁም ከተወገዙና ከተሰደዱ በኋላ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1450 በደብረ ምጥማቅ ባስደረጉት ጉባኤ ሁለቱ ዕለታት በአንድነት እንዲከበሩ ተወሰነ። እንግዲህ የከተማ ሰው ዓርብ ማታ ጓዙን ሸክፎ ለሁለት ቀን ከቤቱ ለመውጣት ሲያስብ የባዕድ ሥርዓት የተቀበለ አይምሰለው፤ ሰንበት ለጸሎት እንደ ተሰጠች ሁሉ ለዕረፍተ ሥጋም የተሰጠች መሆኗን ማስታወሱ ነው።

የዘመናችንም ሕግ ይህንኑ ያጸናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ ለሠራተኛውም በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት ያላነሰ የማይቋረጥ ዕረፍት እንዲሰጠው ያዝዛል። እሑድን ብቻ የሚያገኝ ሠራተኛ ቢሾፍቱ ወርዶ በሆራ ዳር ውሎ ቢመለስ ይበቃዋል፤ ቅዳሜም ጭምር የተለቀቀለት ግን ከዚያ ርቆ መሄድና አንድ ሌሊት በውኃ ድምፅ ተኝቶ ማደር ይቻለዋል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚህ ሁለተኛው ጉዞ ነው።

በአዲስ አበባ፣ ለቡ መብራት ኃይል ለሚኖር ሰው የውኃ ዳር ዕረፍት ሲታሰብ አስቀድሞ ወደ ልቡናው የሚመጣው ባሕር ቢሆን አያስገርምም፤ ከሰፈሩ ብዙ ሳይርቅ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሣው፣ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚያርፈው በጅቡቲ ጠረፍ ነውና። ነገር ግን ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህ ሀገራችን የራሷ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ወደ ጎረቤት ሀገር ባሕር መውረድም የይለፍ ወረቀትንና ከሁለት ቀን የሰፋ ጊዜን ይጠይቃል። ስለዚህ ማዕበል ማየትን፣ በአሸዋ ላይ በባዶ እግር መራመድንና ትኩስ ዓሣ መብላትን የሚሻ የአዲስ አበባ ሰው ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ይመልሳል።

በዓለም ዙሪያም ለአጭር ዕረፍት የተወደዱት ቦታዎች ሁልጊዜ ታላላቆቹ ከተሞች አይደሉም። በደቡብ አሜሪካ፣ በኡራጓይ የአትላንቲክ ጠረፍ ላይ፣ ካቦ ፖሎኒዮ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 የተሠራ የመርከብ መብራት ቤት፣ በድንጋዮቹ ላይ ተኝተው ፀሐይ የሚሞቁ የባሕር አንበሶችና በአሸዋው ላይ ተበታትነው የቆሙ ጥቂት ቤቶች እንጂ ሌላ ብዙ ነገር የላትም። እንግዳው መኪናውን ከዋናው መንገድ ዳር ትቶ፣ አሸዋውን በሚያቋርጡ ረጃጅም የጭነት መኪኖች ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ ይገባባታል፤ የመንግሥት የኤሌክትሪክ መስመርም አልተዘረጋባትም፤ አካባቢዋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ይጠበቃል። ሰው ከዋና ከተማው ከሞንቴቪዴዮ ተነሥቶ ይህን ሁሉ መንገድ የሚደክምላት፣ ምቾት ስለ ሞላባት ሳይሆን ትንሽነቷ ስለ ተጠበቀላት ነው። እኛም ሐይቆቻችንን በዚህ ዓይን ልንመለከታቸው ይገባል።

ከለቡ ወደ ሐይቆቹ የሚያወርዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፈጣኑ ሲሆን፣ ከቱሉ ዲምቱ በሚጀምረው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ገብቶ፣ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ በመቂ በኩል በዝዋይ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ባቱ ይደርሳል። ሁለተኛው በዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚሄደው ነው። ጊዜ ያለው ሰው በሁለተኛው ሄዶ በፊተኛው ቢመለስ የተሻለ ነው እላለሁ፤ የቡታጅራው መንገድ ራሱ ትምህርት ቤት ነውና።

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቁ፣ መንገዱ አዋሽን በሚሻገርበት አጠገብ፣ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የኔዘርላንድ ተወላጅ የሆነው የውኃ ባለሙያ ዴከር ቦታውን ካመለከተና ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን ለብዙ ዘመን ከመራ በኋላ፣ የሰው ዘር ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በዚህ የወንዝ ዳር ድንጋይ እየጠረበ መኖሩ ታወቀ፤ መካኑም ከባልጪት ጋራ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ለሚወጣ ሰው፣ ትውፊት ለቅዱስ ላሊበላ የሚሰጣት፣ ከአንድ አለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም ትገኛለች። ጥያ ደግሞ ከዚያ ቀጥላ ትመጣለች፤ ከ36ቱ የመቃብር ሐውልቶቿ 32ቱ የተቀረጹባቸው ሲሆኑ፣ ከምልክቶቹም ሰይፉ ጎልቶ ይታያል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ሦስቱንም በአንድ ጠዋት መሳለም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ አንዱን መርጦ በጸጥታ መቆየት፣ ሦስቱን ሮጦ ከማየት ይበልጣል።

ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ አየሩ እየሞቀ፣ ግራሩ እየበዛ፣ ሜዳው እየሰፋ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የበለጠ ከፍታ ሲኖራት የዝዋይ ሐይቅ ግን በ1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ተጓዡ ሳያስተውለው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ወርዷል። ይህ ሸለቆ ምድር በተሰነጠቀችበት መሥመር የሰመጠ ሲሆን፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝናቡ በበረታበት ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አራቱም አንድ ታላቅ ሐይቅ እንደ ነበሩ የምድር ሊቃውንት ይመሰክራሉ። ዛሬም ቢሆን ዝምድናቸው አልተቋረጠም፤ ዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ላንጋኖም በሆራ ከሎ ወንዝ ትርፋቸውን ወደ አብያታ ያፈስሳሉ።

ዝዋይ፣ በሌላ ስሙ ደንበል፣ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው። ከጉራጌ ተራሮች መቂ፣ ከአርሲ ተራሮች ደግሞ ቀታር ወንዝ ይገቡበታል። በባቱ ከተማ የጀልባ መቆሚያ ማለዳ የደረሰ እንግዳ፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳና ይብራዎች የተጣለላቸውን ትርፍ ሲሻሙ ያያል፤ ቆሮሶና አምባዛም በዚያው ተጠብሶ ይቀርብለታል። ነገር ግን ባቱን አይቶ ደሴቶቹን ያላየ ሰው በደጀ ሰላሙ ቆሞ እንደ ተመለሰ ይቆጠራል።

ደሴቶቹ አምስት ናቸው፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ወይም ደብረ ጽዮን ይባላል፤ ገሊላ፣ ደብረ ሲና፣ ጸደቻና ፉንዱሮ ይከተሉታል። በአበው ትውፊት መሠረት፣ ዮዲት ጉዲት በአክሱም ላይ በተነሣች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ደሴት ሸሽተው ለብዙ ዘመን አስቀምጠዋታል፤ የደብረ ጽዮን ገዳምም የብራና መጻሕፍትን እስከ ዛሬ ድረስ ጠብቆ ያቆየው በዚሁ አደራ ነው። የደሴቶቹ ሕዝብ የዛይ ሕዝብ ነው። ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ ጋራ የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ወደ ሐይቁ እስኪደርስ ድረስ ለረጅም ዘመን በውኃ ተከብበው፣ ተራራውን በእርከን እያረሱ፣ ሸማ እየሠሩና ዓሣ እያጠመዱ እምነታቸውን ጠብቀው ኖረዋል። እንዲህ ባለ ሕዝብ ደጅ የሚደርስ እንግዳ ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት ሰላምታ ሊያስቀድም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባም ጫማውን አውልቆ ነጠላውን በሥርዓት ሊለብስ ግድ ነው፤ አባቶች የሚነግሩትን ታሪክም ለማድመጥ እንጂ ለመፈተን ባይሄድ ይመረጣል።

በዝዋይ ዋና መዋኘት አይገባም፤ በውኃው ውስጥ ቢልሃርዚያ ስላለ፣ ጉማሬም ስለሚኖርበት ነው። የመዋኛው ሐይቅ ላንጋኖ ነው። ከባቱ ወደ ደቡብ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ በስተ ግራ ይታጠፉለታል። ቀለሙ ቡናማ መሆኑ አዲስ እንግዳን ያስደነግጣል፤ ይህ ግን ከቆሻሻ የመጣ አይደለም፤ ነፋስ እያናወጠ እንዳይረጋ የሚያደርገው እጅግ የላመ ደለል በውኃው ስለ ተንሳፈፈ ነው። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ የታወቀ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ዋና ያስተማሩበት ሐይቅ እርሱ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አቶ በቀለ ሞላ በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ካቆሟቸው ሆቴሎች ጋራ በዚህም ዳርቻ ማረፊያ በመሥራታቸው፣ የስምጥ ሸለቆ መንገድ የመዝናኛ መንገድ ሆኖ እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው ሊባሉ ይገባቸዋል።

የላንጋኖ ቀን የራሱ ሥርዓት አለው። ጠዋት ውኃው ጸጥ ስለሚል የዋናና የጀልባ ሰዓት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ስለሚከብድ ሕፃናትን ከዳር አርቆ ማስዋኘት ተገቢ አይደለም። አመሻሽ ላይ ፀሐይ በምዕራብ ስትጠልቅ የአርሲ ተራሮች በምሥራቅ ሐምራዊ ሆነው ይታያሉ፤ ሌሊቱም የከተማ መብራት ስለማይጋርደው ከዋክብቱን ለመቁጠር ይመቻል። በማግስቱ ማለዳ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ወዳለው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ተሻግሮ፣ 266 ሜትር የሚጠልቀውን የሻላን ሐይቅና ፍል ውኃ የሚያጤስበትን ዳርቻውን ማየት ይቻላል። ለመንገዱ ደግሞ ጥቂት ነገር አይረሳ፤ አካባቢው ወባ ስላለበት አጎበር፣ የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የታሸገ የመጠጥ ውኃ፣ ለልጆችም የመንሳፈፊያ ሰደርያ መያዝ ይገባል፤ ከመነሣት በፊትም የመንገዱን ሰላም መስመሩን የሚያውቁ አሽከርካሪዎችን መጠየቅ የጥንቃቄ መጀመሪያ ነው።

ይህን ሁሉ ውበት ስንናገር ግን ሐይቆቹ ታማሚዎች መሆናቸውን መሸሸግ ኃጢአት ይሆናል። አብያታ፣ ወደ እርሱ የሚወርደው ውኃ ለመስኖ ስለ ተቀነሰበትና የሶዳ አሽ ማምረቻም ከራሱ ውኃ ስለ ቀዳበት፣ ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል። በዝዋይ ዳር የአበባ እርሻዎችና የአትክልት ማሳዎች ከሐይቁ ይጠጣሉ፤ እንቦጭም ገብቶበታል። ሐይቅ ሊሞት እንደሚችል የሚጠራጠር ሰው ካለ የሐረማያን ነገር ይመልከት፤ የሐረር ከተማ ትጠጣው የነበረው ያ ሐይቅ ከሀያ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ፣ ጀልባ በቀዘፈበት ላይ ከብት ተሰማርቶበት ነበር። የካቦ ፖሎኒዮ ሰዎች አሸዋቸውን በሕግ እንደ ጠበቁ፣ እኛም የውኃውን ልክ፣ የዳርቻውን ወሰንና የእንግዳውን ብዛት በሕግ ካልጠበቅን፣ ልጆቻችን ዋና የሚማሩበት ውኃ አይኖራቸውም።

ስለዚህ የለቡ ነዋሪ ሆይ፣ አንተም ሌላው የአዲስ አበባ ሰው፣ ሰንበትህን ወስደህ ወደ ሐይቁ ውረድ፤ ነገር ግን እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ እንግዳ ውረድ። ዓሣውን ካጠመደው ሰው ግዛ፤ መሪህን ከመንደሩ ምረጥ፤ የያዝኸውን ፕላስቲክ ሁሉ ይዘህ ተመለስ፤ እሳት ለማንደድ ግራር አትቁረጥ። በየመንደሩ ምክር ቤትና በየሥራ ቦታህም፣ የሐይቆቹ ውኃ ከሚተካው በላይ እንዳይቀዳና ዳርቻቸው ለድኻውም ለሀብታሙም ክፍት እንዲሆን ድምፅህን አሰማ። ዕረፍት የሚገኘው ውኃው እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ውኃውን የሚጠብቀውም ያረፈበት ሰው ሊሆን ይገባል።