አእምሮም ልምምድ ይሻል

የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. አትሌት ለተሰንበት ግደይ በአውስትራሊያ ባተርስት የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናን እየመራች ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ወደቀች። ሰው ደግፎ ስላነሳትም ውጤቷ ተሰረዘ። ነሐሴ 13 ቀን በቡዳፔስት በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ አጠለቀች። በስድስት ወር ውስጥ! ከእንዲህ ያለ ውድቀት በኋላ ጉልበት ብቻውን መነሻው መስመር ላይ አይመልስም።

በልደታ ክፍለ ከተማ ማልደው የሚለማመዱ ወጣቶችም ከውድድር በፊት ልባቸው ሲመታ፣ እጃቸው ሲያልበው “ፈሪ” ሊባሉ ይችላሉ። ምልክቱ ግን ሰውነት አድሬናሊን አመንጭቶ ለጥረት መዘጋጀቱን ያሳያል።

በአራት ቆጠራ አየር ስቦ በስድስት ቀስ ብሎ ማስወጣት ያረጋጋል። ማታ ማታ ለአምስት ደቂቃ ዓይንን ጨፍኖ ውድድሩን በሐሳብ መሮጥም ይጠቅማል፤ ድሉን ብቻ ሳይሆን፣ ሲቀደሙ ምን እንደሚያደርጉም ጭምር። ይህንኛውን መዝለል ይቀናናል። “እንዳልወድቅ” ከማለት ይልቅ “ትከሻ ዘና” የመሰለ አጭር ቃል ለራስ መንገር ይሻላል። እነዚህ ሁሉ የሚረዱት ከውድድሩ ሳምንታት አስቀድሞ ከተለማመዷቸው ነው፤ በዕለቱ የተጀመረ ትንፋሽ ቆጠራ እንዲያውም ሐሳብ ይበትናል።

እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላትና ስፖርቱን መሸሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን በልምምድ ብቻ የሚፈታ አይደለም። አሠልጣኝም ሆነ ወላጅ “ይጠንክር” ብሎ ሳይተወው፣ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይዞት ይሂድ፤ ከዚያ ወደ አእምሮ ሐኪም ሊላክ ይችላል።